ሁለት ጣት ያሰፋሁት ማሊያ

ሥራ የጀመርኩት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ሱቁ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ በጎማ መለወጫና በቬትናሞች ምግብ ቤት መካከል ነበር። ባለቤቷ ሎሬን ትባላለች፤ ስድሳ ዓመት የተጠጋች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት። እጄን ጨበጠችኝና ሳትለቅ ገልብጣ ጣቶቼን አየች። የመርፌ ጠባሳ ፈልጋ ነው። ሞልቶኛል። «እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥ» አለችኝ። የሥራ ኢንተርቪው ይኸው ነበር።

ኢድሪስ እባላለሁ። አሥመራ ተወልጄ መርካቶ ነው ያደግሁት። እዚያው አጎቴ ሱቅ አሥራ አራት ዓመት ሰፍቻለሁ። ሙሉ ልብስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የዘበኛ ካፖርት፣ ምን ያልሰፋሁት አለ! በሙያዬ የሚያስተምረኝ ሰው አሜሪካ ውስጥ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ትዕቢት ነው፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

በዚያው ጠዋት ትዕቢቴ ተነፈሰ። ሎሬን እጅጌው የተተረተረ የስፖርት ማሊያ ሰጠችኝ። በለመድኩት ሹል መርፌ ሰፋሁት። ጎተት ባደርገው ስፌቱ ዳር ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። አልተቆጣችም። ከመሳቢያ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ አወጣችና «ይሄ ጨርቅ እንደ ሹራብ ነው፤ ክሩን ገፋ አድርጎ የሚያልፍ መርፌ ነው የሚፈልገው፣ የሚበሳው አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሹል መርፌ ማሊያ አጠገብ አስጠግቼ አላውቅም።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ነበርን። ሎሬን ደንበኛ ትቀበላለች፣ ልክ ትወስዳለች፣ የተሠራውን ትፈትሻለች። የስፌት መኪና ላይ እኔ ነኝ፤ የጨርቅ ጠርዝ የሚያስረው ኦቨርሎክ፣ ቀጥታ ስፌት፣ ማሊያ ላይ ቁጥር ለመስፋት ደግሞ ዚግዛግ። ከጀርባ ያለው ማጠቢያና ካውያ የእትዬ አያንቱ ነው። የነቀምቴ ሰው ናት፣ ከኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች። ቤቷ በኦሮምኛ ትቆጣለች፣ ሱቁ ውስጥ በአማርኛ። የሣር እድፍ ከነጭ ማሊያ በማስለቀቅ የሚስተካከላት ሰው አላየሁም።

ትልቁ ደንበኛችን ሮቢንስዴል ያለ አንድ የፉትቦል ክለብ ነበር። የኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ ያን ኳሱን በእጅ የሚይዙበትን፣ ቆብ የሚደፉበትን ነው። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች አይደሉም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቧንቧ የሚጠግኑ፣ ትራክ የሚነዱ፣ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው፤ ቅዳሜ ይጫወታሉ። ሰኞ ማሊያው በከረጢት ይመጣል። እትዬ አያንቱ ታጥባለች፣ ማክሰኞና ረቡዕ እኔ እሰፋለሁ፣ ሐሙስ ሎሬን መብራት ሥር ስፌት በስፌት ታያለች፣ ዓርብ ይሄዳል።

በሦስተኛው ሳምንት የቁጥር ሰባ አራት ማሊያ እጄ ገባ። ካርዱ ላይ የተጻፈው «የቀኝ ጎን ስፌት ተተርትሯል» የሚል ብቻ ነው። ማሊያውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ትከሻው በር ያህላል፣ ጎንና ጎኑ ግን የልጅ ልብስ ይመስል ጠቧል። ወይ ጉድ! ይህን የሚያህል ሰው በዚህ ውስጥ እንዴት ይተነፍሳል?

እዚህ ላይ የመርካቶን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ደንበኛ ጨርቁን ራሱ ገዝቶ ነው የሚያመጣው። ወፍራም ሰው ልብሱ ጠቦት ከታየ ልብስ ሰፊው ይታማል፤ «ጨርቁን ቆርጦ አስቀርቶበት ነው» ይባላል። አጎቴ «ለወፍራም ሰው ጨርቅ አትሰስት፣ ስምህን ይዞ ነው የሚዞረው» እያለ ነው ያሳደገኝ። ስለዚህ ማንም ሳያዘኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በሁለቱም ጎን ከብብት እስከ ወገብ ሁለት ሁለት ጣት የሚሆን ጨርቅ አስገባሁበት። ጨርቁን ከአሮጌ ማሊያ ቆርጬ ቀለሙን አመሳሰልኩት። አሳምሬ ነው የሰፋሁት፣ ወላሂ። ሐሙስ በሎሬን መብራት ሥር አለፈ፣ ዓርብ ሄደ።

ቅዳሜ የክለቡ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ሰኞ ሎሬን ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ክለቡ ተሸንፏል። ይባስ ብሎ ግሬግ የሚባለው ኳስ ወርዋሪያቸው የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። የቡድኑ ዓይን እሱ ነው፤ ኳርተርባክ ይሉታል። «ዋልተር የተቃራኒውን ተጫዋች አሳለፈበት» አለች ሎሬን። «ቁጥር ሰባ አራት።» እኔ ያኔ ጨዋታውን አላውቀው፣ ነገሩ ከኔ ጋር ይገናኛል ብዬ አልጠረጠርኩም። ከንፈሬን መጥጬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ሎሬን ለአፖይንትመንት ወጣ እንዳለች በሩ ተከፈተና አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። ሲቀና ጣሪያው ዝቅ ያለ መሰለኝ። ብብቱ ሥር ማሊያ ይዟል። «ኢድሪስ ማነው?» አለ።

ተነሣሁ። ማሊያውን ገልብጦ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ጣቱን ስፌቴ ላይ አሳረፈ። «ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ፣ ጠቦህ ነበር» አልኩት ፈገግ ብዬ። ጉድ እኮ ነው፣ ምስጋና ነበር የምጠብቀው!

ማሊያውን በጃኬቱ ላይ ለበሰው። «ጎኔ ላይ ያዘኝ» አለኝ። ያዝኩት። እፍኝ ሙሉ ጨርቅ እጄ ገባ። «አሁን ሳበኝ።» ሳብኩት። ያ ተራራ የሚያህል ሰው በኔ በቀጭኑ እጅ አንድ እርምጃ ወደ ጎን መጣ።

«ቅዳሜ ያደረጉኝ ይሄን ነው» አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «እኔ ላይንማን ነኝ። ኳስ አልይዝም፣ ኳስ ይዤ አልሮጥም፣ ጎል አላገባም። ግሬግ እስኪወረውር ድረስ ፊት ለፊቱ ቆሜ የሚመጣበትን ሰው አስቀርለታለሁ፤ ሥራዬ በቃ ይሄው ነው። ማሊያዬ ከጠበበ የሚጨብጡት ነገር አያገኙም። ከሰፋ እንደ በግ እየጎተቱ ያሳልፉኛል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። የአንድ ሰው አጥንት በኔ ሁለት ጣት ጨርቅ ተሰበረ ማለት ነው። «ሎሬን ስትመጣ እነግራታለሁ» አልኩት።

«ሥራ ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሦስት ሳምንት። የሦስት ወር ሙከራ ላይ ነኝ።»

«ልጆች አሉህ?»

«ሦስት።»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው አትንገራት። ስፌት ነው፣ ይፈታል። አሁኑኑ ፍታው።»

«ክለቡ ግን የሚወቅሰው አንተን ነው» አልኩት።

«የላይንማን ስም የሚጠራው ሲሳሳት ብቻ ነው። ለምጄዋለሁ» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ በምላጭ ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ። እሱ ስለ ሥራው አጫወተኝ። ፒያኖ አመላላሽ ነው። ፒያኖ በደረጃ ሲወጣ ከታች የሚሆነው ሁልጊዜ እሱ እንደሆነ ነገረኝ።

እንደወጣ እትዬ አያንቱ ከካውያው ጀርባ ብቅ አለች። ሁሉንም ሰምታለች። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ማን አስፋ አለህ፣ አንተ ልጅ?» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። «ሰውየው ደግ ነው። አንተ ግን ልብ ግዛ» ብላ ወደ እንፋሎቷ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ዋልተር አራት ዓመት ተጫወተ። በየሳምንቱ ማሊያውን የምሠራው እኔ ነበርኩ፣ ሌላ ሰው አላስነካም። ጎኑን እስከ መጨረሻው አጠባለሁ፣ እጅጌውን አሳጥሬ ላስቲክ አስገባበታለሁ፣ ደረቱ ላይ ስፌቱን እደግማለሁ። ተቃራኒዎቹ እዚያ ላይ ነው የሚቧጥጡት፤ ሰኞ ሲመጣ ደረቱ የድመት ጥፍር ያረፈበት ሶፋ ይመስላል። የግሬግ ማሊያ ግን ጀርባው ንጹሕ ነው። እትዬ አያንቱ «ይሄ ልጅ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ የሚውለው?» እያለች ሳትዘፈዝፈው ታጥበዋለች። አንድ ዓመት ዋልተር ታሞ ሦስት ጨዋታ ሲቀር የግሬግ ጀርባ ጭቃና ሣር ሆኖ መጣ፤ ሦስቱንም ሳምንት ትከሻው ላይ ጨርቅ ጣፍኩ።

ጨዋታ ማየትም ለመድኩ። ትልቁን ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ሰው ሁሉ ኳሷን ሲከተል እኔ ሰባ አራትን አያለሁ። ልጄ በእንግሊዝኛ «አባዬ፣ እነዚያን ሰዎች እኮ ማንም አያያቸውም» ይለኛል። «እኔ አያለሁ» እለዋለሁ በአማርኛ። ኒው ሆፕ ወደሚባል ሰፈር ቤት ስንቀይር ዋልተር ጎረቤታችን ሆነ። ፍሪጃችንን ብቻውን ተሸክሞ ሁለተኛ ፎቅ ያወጣልን እሱ ነው። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ባለቤቴ የጠበሰችውን ሳምቡሳ አንድ ሳያስቀር ጨርሶ «ነገም ትጾማላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እንደዚያን ቀን የሳቅንበት ቀን የለም። ወንድሜ ነው፣ ሌላ የምጠራበት ስም የለኝም።

ያን ቅዳሜ ግን አንሥተን አናውቅም። እሱ ረስቶታል ብዬ ራሴን አታልል ነበር።

ጉልበቱ አስቁሞት ከጨዋታ ወጣ። ክለቡ የክብር አዳራሽ አለው። አዳራሽ ይባል እንጂ ሮቢንስዴል ያለ የቦውሊንግ ቤት የጀርባ ክፍል ግድግዳ ነው። ታላላቅ ተጫዋቾቻቸው ስማቸው በናስ ላይ ተቀርጾ ይሰቀላል። ደንባቸው የአንድ ሰው ስም ሦስት ጊዜ ይቀርባል ይላል፤ በሦስተኛው ካልተመረጠ ከዚያ በኋላ አይነሣም። ዋልተር ሁለት ጊዜ ቀርቦ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ምክንያታቸው አንድ ነው። ስንት ኳስ ያዘ? ምንም። ስንት ጎል አገባ? ምንም። እሱን የሚያስታውሱበት አንድ ቀን ቢኖር ግሬግ የተሰበረበት ቅዳሜ ነው።

እሱ «ግድ የለም» ይላል። አንድ ዓርብ ማሊያ ላደርስ ድራይቭ አድርጌ እዚያ ስገባ ግን ብቻውን ግድግዳው ፊት ቆሞ አገኘሁት። ጉልበቱ በድጋፍ ታስሯል፣ ቆቡን በእጁ ይዟል፣ ስሞቹን አንድ በአንድ ያነባል። ሲያየኝ ደነገጠ። «ፒያኖ ላነሣ መጥቼ ነው» አለኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ፒያኖ የለም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስተኛውና የመጨረሻው ስብሰባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

ከተናገርኩ የማጣው ነገር ነበረኝ። የሱቁ ግማሽ ሥራ ከዚያ ክለብ ነው የሚመጣው። ሎሬን ደግሞ «ጡረታ ስወጣ መኪናዎቹ ያንተ ናቸው» ብላኛለች። ተጫዋች ያሰበረ ልብስ ሰፊ ማን ይፈልጋል? እትዬ አያንቱን አማከርኳት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ» አልኳት፣ እንድትተወኝ ፈልጌ። «ምነው፣ አንተ እኮ ሰባት ዓመት አሳደርከው!» አለችኝ።

ለሎሬን «ስብሰባው ላይ ስለ ዋልተር መናገር እፈልጋለሁ» ብቻ አልኳት። ምን እንደምናገር አልጠየቀችኝም። በመኪናዋ ይዛኝ ሄደች።

የሚመርጠው ኮሚቴ ሰባት ሰው ነው። ሰብሳቢው ሃሮልድ የሚባል ጡረተኛ ፖስተኛ ነው፤ ግሬግም ከአባላቱ አንዱ ነው። የዋልተር ስም ሲነበብ አንዱ አባል ወንበሩን ደገፍ ብሎ «ሸጋ ሰው ነው፣ ሁላችንም እንወደዋለን። ግን ናሱ ላይ ምን ብለን እንጽፋለን? ቁጥር የለውም። ያ ቅዳሜም አለ» አለ። ጥቂቶቹ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ።

እጄን አወጣሁ። ሃሮልድ «ልብስ ሰፊያችን ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ። እንግሊዝኛዬ ስናደድ ይሰበራል፣ ያን ቀን ተሰባበረ። ቢሆንም ገባቸው።

«ያን ቅዳሜ ያጠፋው ዋልተር አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ማሊያውን ሳልታዘዝ በሁለቱም ጎን አሰፋሁት። ሰው ይዞ ጎተተው። እሱ ማክሰኞ መጥቶ አስፈታኝና አትናገር አለኝ፤ አዲስ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ሥራዬን እንዳላጣ ብሎ ነው። እናንተ ሰባት ዓመት ስትወቅሱት ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።»

ከወዲያኛው ክፍል የቦውሊንግ ኳስ ሲንከባለል ይሰማል። ሎሬንን ማየት ፈራሁ።

ከጀመርኩ ላይቀር ልጨርሰው አልኩና ወደ ግሬግ ዞርኩ። «ቁጥር የለውም ትላላችሁ። ያንተን ማሊያ የምሰፋው እኔ ነኝ። ዋልተር ፊትህ በቆመበት ጊዜ ሁሉ ጀርባህ ላይ መርፌ አላስነሣኸኝም። እሱ በታመመባቸው ሦስት ሳምንታት ግን ሦስቱንም ጊዜ ትከሻህን ጥፌያለሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ቁጥር ትፈልጋላችሁ?»

ግሬግ ትከሻውን በእጁ ያዝ አድርጎ ጠረጴዛውን አየ። «እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ፈጣን ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር።»

መጀመሪያ ሃሮልድ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ግሬግ ግን አልሳቀም። እኛን ውጭ ጠብቁ አሉን። ኮሪደሩ ውስጥ ከሎሬን ጋር ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን። ሃሮልድ በሩን ከፍቶ «ገብቷል» አለን። አልሃምዱሊላህ! እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም።

ስንመለስ የምትነዳው ሎሬን ናት። ሥራዬ አበቃ ብዬ ተስፋ ቆርጫለሁ። መንገዱን ስናጋምስ «ያን ሐሙስ ማሊያውን መብራት ሥር አይቼዋለሁ» አለችኝ። «ጨርቅ እንዳስገባህበትም አይቻለሁ። ስፌቱ አምሮኝ አሳለፍኩት።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?»

ሁለታችንም ሳቅን፣ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። እትዬ አያንቱን ስትጨምሩ ሦስት ሰው እያወቀ አንድ ያላጠፋ ሰው ተወቀሰ ማለት ነው። ሎሬን አላባረረችኝም። ክለቡም ማሊያውን መላኩን አላቆመም፤ ካርዱ ላይ ግን «እባክህ አታስፋ» ብለው መጻፍ ጀመሩ። ቀልደኞች ናቸው።

በማግስቱ ዋልተር እያነከሰ ገባ። ደስ ብሎት ያቅፈኛል ብዬ ነበር። ፊቱ ቀልቷል። «ሰባት ዓመት የያዝኩትን ነገር ማን ተናገር አለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እትዬ አያንቱ ካውያውን አጠፋች።

እኔም ደሜ ፈላ። «አንተ ዝም ያልከው ለኔ ብለህ ነው» አልኩት። «እኔ ዝም ያልኩት ግን ለራሴ ነው። ሁለቱ አንድ አይደለም!»

ከዚያ ያን ትልቅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሄጄ አቀፍኩት። እጆቼ ጀርባው ላይ አልተገናኙም። «ሚስቴ ስሜን ግድግዳው ላይ እስክታይ ቸኩላለች» አለኝ። «እኔም» አለ ቆይቶ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሎሬን የተወችልኝ መኪናዎችም ወደ ሌላ ሰው ተላልፈዋል። በሙያው ላሉት የምነግራቸው ይህን ነው። ያልታዘዛችሁትን አትስፉ፤ የሚለብሰውን ሰው ምን እንደሚሠራበት ጠይቁት። ብታጠፉ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገሩ። ሰው ደግ ሆኖ ቢሸፍንላችሁም ተናገሩ፤ ወቀሳውን እሱ ነው የሚሸከመው። እኔ ሰባት ዓመት ቆየሁ። ሰባት ዓመት ብዙ ነው።